ቤታችንን ለሚያስተዳድርልን ሰው ምን እንስጠው፣ ምንስ እንያዝ?

(በጠቅላላ ስብሰባው ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነበበ ንግግር። በስብሰባው ለመገኘት ያልቻላችሁ አባላት እንድታነቡት በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



አሁን የምናነሳው ጉዳይ የጎርፍ መውረጃውም የጥበቃ መዋጮውም አይደለም። እነሱ በአጀንዳው ላይ ስላሉ በተራቸው ይደረስባቸዋል። የያዝነው ጉዳይ የሚከራይ ቤታችንን የሚያስተዳድርልን ሰው ስለ መቅጠር ነው። ጥያቄው ለኮሚቴው አንድ ጊዜ ብቻ የቀረበ አይደለም። ልጆቻቸው ዘንድ አሜሪካ የሄዱ፣ ዐረብ አገር በሥራ ላይ ያሉ፣ ወደ ክፍለ ሀገር የተዛወሩ፣ ወይም እዚሁ መካከላችን እያሉ ዕድሜና ሕመም ከደጃፍ ያስቀራቸው አባሎቻችን «ማኅበሩ ቤታችንን ይያዝልን፤ ኪራዩንም ሰብስቦ ያስቀምጥልን» በማለት በቃልም በደብዳቤም ጠይቀውናል።

ኮሚቴው ተነጋግሮበት የደረሰበትን ውሳኔ አስቀድመን እንናገር። ማኅበሩ የማንንም ቤት አያስተዳድርም። ይህን ስንል ልባችን ጨክኖ አይደለም። ነገር ግን አከራዩም አባላችን ነው፣ ተከራዩም አባላችን ነው። ዛሬ በኪራይ የምትኖር እኅታችን ለቅሶ ቤት ድንኳን ስትተክል፣ ወጥ ስትሠራ የምናውቃት ናት። ማኅበሩ የአንዱን ኪራይ ሰብሳቢ ከሆነ ነገ ጠብ ሲነሳ ማን ያስታርቃል? ሽምግልና የሚቀመጠው ሰው ከደብተሩ ላይ የኪራይ ሒሳብ የሚያነብ ከሆነማ ሽምግልናው አበቃ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የማኅበሩ ገንዘብ የቀብርና የጥበቃ ገንዘብ ነው፤ የሰው ኪራይ ሊቀላቀልበት አይገባም። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ሰው እንዲቀጥር፣ ሲቀጥርም ዓይኑን ገልጦ እንዲቀጥር የምናውቀውን ያህል ልንነግራችሁ ተነሥተናል።

የዕድሜ ባለጸጋዎቻችን እንደሚያስታውሱት፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሁሉ ወደ መንግሥት ዞሮ ነበር፤ በግል ማከራየትም ተከልክሎ ነበር። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቀበሌ ያዛቸው፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። በዚህም የተነሳ «ቤት አስተዳዳሪ» ሲባል ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ የሚታየን መሥሪያ ቤት እንጂ ሰው አይደለም። በግል ሰው ቀጥሮ፣ ውል ጽፎ፣ ሒሳብ ተቀብሎ ማሠራት ገና ያልለመድነው ነገር ነው። ስለዚህ የምናደርገው ምንድን ነው? ለወንድም ልጅ ቁልፉን ሰጥቶ «በል እንግዲህ አደራህን» ማለት ነው። አደራ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን አደራ ደረሰኝ የለውም።

መጀመሪያ ሦስት ሰዎችን ለይተን እንወቅ። ደላላ ተከራይ ያመጣል፣ ድርሻውን ይቀበላል፣ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ጣሪያው ቢያፈስ፣ ተከራዩ ሦስት ወር ባይከፍል የሱ ጉዳይ አይደለም። ዘበኛ በር ይጠብቃል፤ ቢበዛ ሮቶው ውሃ መሙላቱን ያያል። አስተዳዳሪ የምንለው ግን ተከራይ የሚመርጥ፣ ውል የሚያስመዘግብ፣ ኪራይ መግባቱን የሚከታተል፣ የሚያሳድስና በየጊዜው ሒሳብ የሚያቀርብ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጣላን ለደላላ የአስተዳዳሪ ሥራ ሰጥተን፣ ለዘበኛ ደግሞ የውክልና ወረቀት አስይዘን መገኘታችን ነው።

አሁን ወደ ክፍያው እንምጣ፤ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ። «ለምን ከኪራዬ ላይ ለሰው አካፍላለሁ?» የሚሉ አሉ። ለስሌት እንዲመቸን ኪራዩ በወር 20,000 ብር ነው እንበል። የዓመቱ 240,000 ብር ይሆናል። አስተዳዳሪው ከመቶ 10 ቢወስድ በዓመት 24,000 ብር ነው። ቤቱ ግን ተከራይ አጥቶ፣ ወይም ተከራዩ ሳይከፍል ወጥቶ ሁለት ወር ብቻ ቢያመልጠን የከሰርነው 40,000 ብር ነው። እንግዲህ አስተዳዳሪው ያንን ሁለት ወር የሚያስቀርልን ከሆነ ደመወዙን ችሎ ይተርፋል። የማያስቀርልን ከሆነ ግን 5 ብርም ይበዛበታል። አሜሪካ ያሉት ልጆቻችን እዚያ ከመቶ ከ8 እስከ 12 መክፈል የተለመደ መሆኑን ይነግሩናል። እዚህ በስምምነት ነው፤ ዘመድ ከሆነ አንዳንዱ በዓል ሲመጣ በግ ተገዝቶለት ደስ ብሎት ይሠራል። ይሁንና በእኛ አስተያየት ለዘመድም ቢሆን የተቆረጠ ገንዘብ መክፈል ይሻላል። በነፃ የሚሠራን ሰው «ሒሳብ አምጣ» ለማለት አፍ ይይዛል።

ክፍያው የሚታሰበው በውሉ ላይ ከተጻፈው ሳይሆን በእጅ ከገባው ኪራይ ላይ ይሁን። ያልተሰበሰበ ኪራይ ድርሻ የለውም ማለት ነው። ሌላው ደግሞ «አዲስ ተከራይ ባስገባሁ ቁጥር ይህን ያህል ይሰጠኝ» የሚል አስተዳዳሪ ሲመጣ ጠንቀቅ በሉ። እንዲህ ያለው ሰው ደህናውን ተከራይ እየነካካ ያስወጣዋል፤ ጥቅሙ በመለዋወጡ ላይ ነዋ! ጥሩ ተከራይ የሚቆይበትን እንጂ የሚወጣበትን መንገድ በገንዘብ አንግዛ።

ከሁሉ በላይ ልንናገር የፈለግነው ስለ ውክልናው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

ስሟን የማናነሳት አንዲት እኅታችን ውጭ አገር ሆና ለአማቿ ውክልና ላከችለት። የፈለገችው ኪራይ እንዲሰበስብላት ብቻ ነበር። ወረቀቱን ያዘጋጀላት ሰው ግን ከሌላ ወረቀት ላይ እንዳለ ገልብጦ «የመሸጥ፣ የመለወጥ፣ በዋስትና የማስያዝ» የሚለውን ሁሉ አስገባበት። እሷም ሥራ ቦታ ቸኩላ ስለነበር ሳታነብ ፈረመች። አማትየው ቤቱን አስይዞ ተበደረ፤ ንግዱም አልሆነለትም። የሐራጁን ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ አይቶ የደወለላት ጎረቤት ነው። ቤቱን ለማዳን ስንት ዓመት የለፋችበትን ከፈለች። አስተውሉ፤ አማትየው ፊርማ አላስመሰለም፣ ማኅተም አልሰረቀም። የሠራው ሁሉ እሷ በፈረመችው ወረቀት ነው።

ታዲያ ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2204 ላይ፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ተወካዩን የሚያስችለው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው ይላል። የአስተዳደር ሥራ ማለት ንብረቱን መጠበቅና ማደስ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ የሚፈለግ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈልና የመሳሰለው ነው። መሸጥ፣ ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት፣ በክርክር መታረቅና ፍርድ ቤት ቀርቦ መከራከር ግን በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ። ማለትም ቃሉ በወረቀቱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። እንግዲህ ለቤት አስተዳዳሪ የመጀመሪያው ይበቃዋል። ከዚያ በላይ እንጨምር ከተባለ ከተከራይ ጋር በተነሳ ክርክር ብቻ እንዲቀርብ መጻፍ ይቻላል። «መሸጥ» እና «ማስያዝ» የሚሉ ቃላት ግን ኪራይ ለሚሰበስብ ሰው ምን ያደርጉለታል? ምንም። ስለዚህ አይግቡ። የቤቱን ካርታ ዋናውንም አትስጡት፤ ቅጂ ይበቃዋል።

ውክልናው እዚህ ከሆነ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ይረጋገጣል። ውጭ ላላችሁ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተሰጥቶ፣ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ ነው ሥራ ላይ የሚውለው። ልጆቻችሁ ወረቀቱን ከመፈረማቸው በፊት በስልክ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡላችሁ። ስታዳምጡ የማታውቁት ቃል ካለ «ይህ ምንድነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም፤ እኛም የተማርነው አንደኛ ደረጃ ድረስ ነው፣ ጠይቀን ነው የገባን።

ሌላው ብዙዎች የማያውቁት፣ ውክልና የሰጠ ሰው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። «ለአምስት ዓመት ሰጥተሽኛል» ብሎ ሊከራከር አይችልም። ሲሻር ግን በቃል አይበቃም። ሽረቱ በጽሑፍ ይሁን፤ በተረጋገጠበት መሥሪያ ቤት ይድረስ፤ ወረቀቱ ከእጁ ይመለስ፤ ተከራዩም በዚያው ቀን ይነገረው። ተከራዩ ሳያውቅ ለተሻረው ሰው ቢከፍል ጣጣው ለሁላችንም ነው። ባለቤቱ ሲሞት ደግሞ፣ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ውክልናው ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ወራሾች የወራሽነት ማስረጃቸውን አውጥተው በራሳቸው ስም አዲስ መስጠት አለባቸው። እናት ካረፈች በኋላ በእናት ውክልና ኪራይ የሚበላ ሰው በየሰፈሩ አለ፤ ልጆቹም በሐዘንና በመተፋፈር ዝም ይላሉ።

ስለ ኪራይ ውሉ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ብዙ ነገር ለውጧል። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል። በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን ብቻ ነው። ኪራይ የሚከፈለውም በባንክ ወይም በሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ልብ በሉ፤ አዋጁ ከ2 ዓመት አያንስ ይላል፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ከ3 ዓመት በላይ አያከራይ ይላል። ስለዚህ አስተዳዳሪያችን የሚዋዋለው በሁለቱ መካከል ነው። «አምስት ዓመት ተዋውዬልሻለሁ፣ ደስ ይበልሽ» ቢላችሁ ሥልጣኑን አልፏል።

አንዳንዱ አስተዳዳሪ ከተከራይ የስድስት ወር በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ለባለቤቱ በየወሩ ይልካል፤ በመካከሉ በገንዘቡ ይነግድበታል። በየስድስት ወሩም ጭማሪ እያለ ባለቤቷ ሳታውቅ ልዩነቱን በኪሱ ያስቀራል። ጥፋቱ ሲገኝ ግን የተከራዩ አቤቱታ የሚመጣው በባለቤቷ ስም ነው። በሕጉ ተወካይ ለወካዩ ጥቅም ብቻ መሥራት አለበት፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ጥቅም መውሰድ አይችልም። ግን ሕጉ መኖሩ ብቻ አያድንም፤ የሚያድነን የገንዘቡ መንገድ ነው።

የገንዘቡ መንገድ እንዲህ ይሁን። ተከራዩ ኪራዩን በቀጥታ ወደ ባለቤቷ የባንክ ሒሳብ ያስገባል። በአስተዳዳሪው ሒሳብ በኩል አያልፍም። የአስተዳዳሪው ድርሻ ከዚያ ወጥቶ ለእሱ ይከፈለዋል። ለአዛውንት እናቶቻችን ይህ ከባድ መስሎ ሊታይ ይችላል። እማማ ቴሌብር ምን እንደሆነ አያውቁ ይሆናል፤ ቢሆንም ሒሳቡ በስማቸው ተከፍቶ የባንክ ደብተሩ በእጃቸው ከሆነ፣ የልጅ ልጅ በወር አንድ ቀን ባንክ ይወስዳቸዋል። ሦስት ሰርቪስ ክፍል አከራይተው በዚያ ብቻ የሚኖሩ እናቶች በሰፈራችን አሉ። የእነሱ ኪራይ ማለት መድኃኒታቸውና ጤፋቸው ነው፤ አንድ ወር ቢዘገይ የሚበደሩበት የላቸውም። እነሱን በሚመለከት «ቤተሰብ ነው፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» የሚለውን ንግግር ኮሚቴው አይቀበለውም።

ስለ እድሳት ብዙ አንልም። ዋናው ነገር በውሉ ላይ መጠን መቁረጥ ነው። ለምሳሌ እስከ 2,000 ብር የሚደርሰውን አስተዳዳሪው ሳይጠይቅ ያሠራ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ደውሎ ያስፈቅድ፣ ለሁሉም ደረሰኝ ያምጣ፣ ደረሰኝ የሌለው የእጅ ሥራ ከሆነ ሠሪው ፈርሞ ይስጥ። አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም፤ ቆርቆሮ በግንቦት ነው የሚታየው። ክረምቱ ከገባ በኋላ ጣሪያ ላይ መውጣት ሠራተኛንም ቤትንም መጉዳት ነው። የላላ ሚስማር በጎማው ቢተካ ኢምንት ነው፤ ተትቶ ኮርኒሱ ሲወርድ ግን የሦስት ወር ኪራይ ይበላል። አሸንዳውም ይጠረግ። ጎረቤት ግቢ ውሃ የሚለቀው አሸንዳ ለዚህ ማኅበር ምን ያህል አቤቱታ እንዳመጣ መዝገቡ ይመስክር።

በኪራይ ላላችሁ ወንድሞችና እኅቶችም የምንለው አለን። አስተዳዳሪ ነኝ ብሎ የሚመጣውን ሰው የውክልናውን ወረቀት አሳየኝ ማለት መብታችሁ ነው። ያየኸውንም ስልክህ ላይ ፎቶ አንሥተህ ያዝ። ከመግባታችሁ በፊት የመብራቱንና የውሃውን ቆጣሪ አንብባችሁ ቁጥሩን በውሉ ላይ አስጽፉ፤ ስትወጡም እንዲሁ። መብራት ወይም ውሃ ቆርጦ ተከራይን ለማስወጣት የሚሞክር አስተዳዳሪ ካለ ለኮሚቴው አመልክቱ፤ ዳኝነት ባንሰጥም ባለቤቱን ፈልገን እናገናኛለን። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ የሚሠራውን አያውቅም፤ አንድ ስልክ ሲደወልለት የሚደነግጠው እሱ ነው።

ግብርንም አንርሳ። የኪራይ ገቢ ግብር በሠንጠረዥ «ለ» የሚከፈል ሲሆን፣ የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። አስተዳዳሪው ይክፈል ብትሉም ግብሩ የባለቤቱ ነው፤ ቅጣቱም የባለቤቱ ነው። ስለዚህ የከፈለበትን ደረሰኝ ሳታዩ «ከፍያለሁ» በሚል ቃል አትተኙ።

እንግዲህ ሰውየውን እንዴት እንምረጥ? ስለ ዘመድና ባዳ ክርክር ነበር፤ በኮሚቴው ውስጥም ሁለት ሐሳብ ነበር። አንዱ ወገን ዘመድ ቢበላም ከቤት አይወጣም ይላል። ሌላው ወገን ባዳን መክሰስ ይቻላል፣ ዘመድን ግን ከሰሽ ለቅሶ ላይ እንዴት ትቀመጫለሽ ይላል። እኛ ወደ ሁለተኛው እናደላለን። ሆኖም ዘመድም ሆነ ባዳ፣ ከዚህ በፊት የማንን ቤት እንደያዘ ጠይቁ፤ ያንን ቤት ሄዳችሁ እዩ፤ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ተከራዩንም አነጋግሩ። ተከራዩ «ሰው ነው፣ ሲነገረው ይመጣል» ካለ ትልቅ ምስክር ነው። ለዋስ ሁለት ሰው ይጥራ። የመጀመሪያው ውል የአንድ ዓመት ይሁን። በየሦስት ወሩ አንድ ገጽ ሒሳብ ያቅርብ፦ የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው፣ ደረሰኙ። ውጭ ያላችሁ ደግሞ በየጊዜው በቴሌግራም የጣሪያውን፣ የኩሽናውን፣ የሽንት ቤቱን ፎቶ ያስልኩ። ባለሙያ አስተዳዳሪ ይህን ስትጠይቁት ደስ ይለዋል፤ የሚከፋው ሌላ ነገር ያለው ነው።

ኮሚቴው ማድረግ የሚችለውን ደግሞ እንናገር። ለአስተዳዳሪ ውል የሚሆን የናሙና ጽሑፍ አዘጋጅተናል፤ በማኅበሩ ቢሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 11 ሰዓት እየመጣችሁ መገልበጥ ትችላላችሁ። ማንበብ ለሚቸገሩ አባላት ቁጭ ብለን እናነብላቸዋለን። የማኅበሩን ማኅተም ግን በማንም ውል ላይ አንመታም፤ ማኅተማችን ያለበት ወረቀት ዋስ የሆንን ስለሚያስመስል ነው። ምስክር የምትፈልጉ ከሆነ ሁለት የኮሚቴ አባላት በግላቸው ለመፈረም ፈቅደዋል። ውጭ አገር ያሉ አባላት የአስተዳዳሪያቸውን ስምና ስልክ ለቢሮው ያስመዝግቡ። ቧንቧ ፈንድቶ ግቢው ሲሞላ፣ ወይም ማታ በር ተከፍቶ ሲታይ፣ ማን ጋ እንደምንደውል እንድናውቅ ነው። እስከ ዛሬ ያስመዘገቡት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀራችሁ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ አስመዝግቡ።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን እጅ አውጡ፤ ከዚያ ሰብሳቢው ወደ ጎርፍ መውረጃው ይሻገራሉ።